የቆመ ሮቦት ቦርድን ለሮቶ ውሃ መቆጣጠሪያ ማዋል

ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ሮቦት በብዙ ቤት ካርቶን ውስጥ ተኝቷል። አንዱ ከትምህርት ቤት ውድድር የተረፈ ነው፣ ሌላው ከክረምት ስልጠና የመጣ፣ ሌላው ደግሞ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለሴሚስተር ፕሮጀክት ተሠርቶ ማርኩ ከተያዘ በኋላ ማንም ያልነካው። የሞተሮቹ የፕላስቲክ ጥርስ ተበልቷል፣ ባትሪው ሞቷል፣ ሽቦው ተበጣጥሷል። ቦርዱ ግን ብዙውን ጊዜ ደህና ነው።

ያን ቦርድ አውጥቶ መመርመርንና ለሌላ ሥራ ማዋልን ደረጃ በደረጃ እናሳያለን። የመረጥነው ሥራ የሮቶ ውሃ መጠን ጠቋሚ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት የደሴ ሰፈር ሮቶው ጣሪያ ወይም የብረት ማማ ላይ ተሰቅሎ ስንት እንደቀረው ለማወቅ መሰላል መውጣት፣ አለዚያም ጎኑን እያንኳኩ መገመት የተለመደ ነው። ዕንቅፋት እየለካ ይዞር የነበረ ሮቦት ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ዋና ዋና ዕቃ ይዟል፤ የሚጨመርለት ጥቂት ሬዚስተር፣ ሦስት መብራትና አንድ ጩኸት ሰጪ ነው።

በእጃችሁ ያለው ምን ዓይነት ቦርድ ነው?

አብዛኞቹ ርካሽ ሮቦቶች አርዱዪኖ ዩኖ የሚባለውን ቦርድ ወይም ቅጂውን ይዘው ነው የሚመጡት። ዋናው ቺፕ ኤትሜጋ328ፒ ነው። 14 ዲጂታል ፒን (ሽቦ የሚሰካበት መግቢያና መውጫ) አለው፤ ከእነሱ ውስጥ 3፣ 5፣ 6፣ 9፣ 10 እና 11 ኃይልን ከፍ ዝቅ ማድረግ ይችላሉ። 6 አናሎግ ፒን፣ 32 ኪሎባይት የፕሮግራም ቦታ፣ 2 ኪሎባይት ጊዜያዊ ማስታወሻና መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ 1 ኪሎባይት ቋሚ ማስታወሻም አለው። ለውሃ መለኪያ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ኤምቦት የሚባለው የልጆች ሮቦት ላይ ያለው ቦርድም ውስጡ ያው ኤትሜጋ328ፒ ስለሆነ፣ ፕሮግራም ስትጭኑ «ዩኖ» ብላችሁ መምረጥ ይበቃል። ኢኤስፒ32 ወይም ኢኤስፒ8266 ከሆነ ግን ፒኖቹ 3.3 ቮልት ብቻ ነው የሚሸከሙት። ከሴንሰሩ የሚመጣውን 5 ቮልት በ1 ኪሎኦምና በ2 ኪሎኦም ሬዚስተር ከፍላችሁ ወደ 3.3 ማውረድ አለባችሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው ለዩኖ ነው።

አፈታት

ከሁሉ በፊት ባትሪውን አውጡ። ቀጥሎ የሽቦዎቹን አቀማመጥ ከላይና ከጎን በስልክ ፎቶ አንሱ፤ የትኛው ሽቦ የት ፒን ላይ እንደነበር ማወቅ ኋላ የሞተውን ፒን ለመለየት ይጠቅማል። እያንዳንዱን ሽቦ ስትነቅሉ ጫፉ ላይ ናስትሮ ጠቅልላችሁ ቁጥሩን ጻፉበት።

18650 የሚባሉትን ክብ የሊቲየም ባትሪዎች በመልቲሜትር ለኩ። ሙሉ ሲሆኑ 4.2 ቮልት፣ በአማካይ 3.7 ያሳያሉ። ለወራት ተረስተው ከ2.5 ቮልት በታች የወረዱትን ቻርጅ ለማድረግ አትሞክሩ፤ ውስጣቸው ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ቻርጅ ላይ እያሉ ሊግሉና እሳት ሊያስነሱ ይችላሉ። የዛገ፣ የተቀጠቀጠ ወይም ሽፋኑ የተላጠውንም ለይታችሁ አስቀምጡ።

ብሎኖቹን በትንሽ ካቻቢቴ ፈትታችሁ ቦርዱን፣ የሞተር ድራይቨሩን (ለሞተሮቹ ኃይል የሚሰጠውን ሰሌዳ)፣ ሁለት ዓይን የሚመስል ክብ ነገር ያለውን የአልትራሳውንድ ሴንሰርና ሽቦዎቹን ለዩ። አቧራውን በደረቅ የቀለም ብሩሽ ጥረጉ። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጥባችሁ በደንብ አድርቁ።

የቦርዱ ምርመራ

ይህን ክፍል መዝለል ያጓጓል፤ አትዝለሉት። የሮቦት ቦርድ ከሌላው ቦርድ በበለጠ ተንገላቷል፤ አንድ ሰው ሰርቮ ሞተር በቀጥታ ሰክቶበት፣ ሌላው ባትሪ ገልብጦበት ሊሆን ይችላል። አንድ ፒን በረጅም ጊዜ ከ20 ሚሊአምፔር በላይ እንዲሰጥ አይመከርም፣ 40 የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ሞተር በቀጥታ የተሰካበት ፒን ይህን ጣሪያ አልፎ ሊቃጠል ይችላል፤ ሌሎቹ ፒኖች ግን እንደተለመደው ይሠራሉ። ስለዚህ ቦርዱ «ይሠራል» ማለት ሁሉም ፒን ይሠራል ማለት አይደለም።

ምንም ኃይል ሳይሰጥ በመጀመሪያ መልቲሜትሩን ድምፅ በሚያሰማው ቦታ ላይ አድርጋችሁ በ5 ቮልትና በግራውንድ (ነጌቲቭ) ፒን መካከል ፈትሹ። ሳያቋርጥ ከጮኸ ሾርት አለ፤ ዩኤስቢ አትሰኩበት። ካልጮኸ ከኮምፒውተር ጋር አገናኙና ቮልቱን ለኩ። 5 የሚለው ፒን ከ4.75 እስከ 5.25፣ 3.3 የሚለው ደግሞ 3.3 አካባቢ ማሳየት አለበት። ቺፑን በጣት ንኩት፤ ምንም ሳይሰካበት በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚግል ከሆነ ቦርዱ አልቋል።

ኮምፒውተሩ ቦርዱን ካላወቀው ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንደኛው ገመዱ ነው። ብዙ የስልክ ገመድ ቻርጅ ብቻ ያደርጋል፣ ዳታ አያስተላልፍም፤ የቦርዱ መብራት ስለሚበራ ደግሞ ሰው ገመዱን አይጠረጥርም። ሁለተኛው ቦርዱን ከዩኤስቢ ጋር የሚያገናኘው፣ ሲኤች340 የሚባለው ትንሽ ቺፕ ነው። ኦሪጅናሉ ዩኖ ላይ ሌላ ቺፕ አለ፣ አብዛኛው ቅጂ ላይ ግን ይኸኛው ስለሆነ አሮጌ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር ድራይቨሩን (ቺፑን የሚያሳውቀውን ፕሮግራም) ለብቻው መጫን ይፈልጋል። ቦርዱ ታውቆ ፕሮግራም አልጭንም ካለ ፒን 0 እና 1ን ተመልከቱ። የሮቦቱ ብሉቱዝ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚሰካው። እነዚህ ፒኖች ዩኤስቢው ራሱ የሚጠቀምባቸው ስለሆኑ ብሉቱዙ እስካልተነቀለ ድረስ ጭነቱ ይሰናከላል።

አሁን ፒኖቹን አንድ በአንድ እንፈትሽ። ከ2 እስከ 13 ያሉትንና ከኤ0 እስከ ኤ5 ያሉትን በየተራ ለአንድ ሰከንድ አብርቶ የሚያጠፋ አጭር ፕሮግራም ጫኑ። አንድ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ከ220 ኦም ሬዚስተር ጋር አያይዛችሁ አንዱን ጫፍ ግራውንድ ላይ፣ ሌላውን በየፒኑ ላይ እያዛወራችሁ ተመልከቱ። ጨርሶ የማይበራ፣ ደብዝዞ የሚበራ ወይም የማይጠፋ ፒን ካለ በቋሚ ማርከር ቦርዱ ላይ ቀይ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ፒኖቹን ሁሉ የውስጥ ፑልአፕ (ምንም ሳይሰካበት 1 የሚያስነብብ) ያለው ግብዓት አድርጋችሁ እያንዳንዱን በሽቦ ከግራውንድ ጋር ስታገናኙ ንባቡ ከ1 ወደ 0 መውረዱን እዩ። በመውጫ ደህና ሆኖ በመግቢያ የማይሠራ ፒን አለና ሁለቱም ፈተና ያስፈልጋል።

የሞተር ድራይቨሩስ?

ሁለት ዓይነት ይገጥማችኋል። ቦርዱ ላይ ተደርቦ የሚቀመጠው ሰሌዳ ኤል293ዲ የሚባሉ ሁለት ቺፖች አሉት፤ ለአንድ ሞተር የሚሰጠው 0.6 አምፔር ነው። ችግሩ ፒን መውሰዱ ነው፤ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 11 እና 12 የእሱ ናቸው፣ 9 እና 10 ደግሞ ለሰርቮ ተይዘዋል። ነጻ የሚቀሩላችሁ 2፣ 13 እና አናሎጎቹ ብቻ ናቸው። ለውሃ ጠቋሚው አያስፈልግምና ነቅላችሁ አስቀምጡት።

ሌላው ለብቻው የቆመው፣ ትልቅ ጥቁር አሉሚኒየም ማብረጃ ያለው ኤል298ኤን ነው። በአንድ መስመር እስከ 2 አምፔር ይባልለታል። እኛ ግን ደሴ ላይ 1 አምፔርን እንደ ጣሪያ ብትወስዱት እንመርጣለን። ይህ ቺፕ ኃይል ሲያሳልፍ ወደ 2 ቮልት ገደማ ራሱ ላይ ያስቀራል፤ በ1 አምፔር 2 ዋት ሙቀት ማለት ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲተያይ በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ማብረጃው ሙቀቱን እንደልቡ አይጥልም። በ12 ቮልት የምትመግቡት ነገር በእውነቱ የሚያገኘው 10 አካባቢ እንደሆነም አትርሱ። ከ12 ቮልት በላይ የምትሰጡት ከሆነ 5 ቮልት የሚለው መሰኪያ አጠገብ ያለውን ትንሽ ድልድይ ንቀሉ፤ ካልነቀላችሁት በሰሌዳው ላይ ያለው የ5 ቮልት ማስተካከያ ይቃጠላል።

ይህ ድራይቨር ኋላ ችግኝ ለማጠጣት ለሚሆን ባለ 12 ቮልት ትንሽ ፓምፕ ይጠቅማችኋል። ግማሽ አምፔር አካባቢ የሚስቡትን ትናንሾቹን ያለችግር ይነዳል። ዲያፍራም ያላቸውና ለመርጫ የሚሠሩት ግን 2 እና 3 አምፔር ስለሚስቡ አይችላቸውም።

የሮቶው ጠቋሚ አሠራር

የሚያስፈልገው፦ ዩኖው፣ ኤችሲ-ኤስአር04 የሚባለው የአልትራሳውንድ ሴንሰር፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ኤልኢዲ አንድ አንድ፣ ባለ 220 ኦም ሬዚስተር ሦስት፣ ባለ 5 ቮልት ጩኸት ሰጪ አንድ፣ 2ኤን2222 ትራንዚስተር አንድ፣ ባለ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር አንድ፣ ተጭኖ የሚለቀቅ ማብሪያ አንድ፣ የኔትወርክ ገመድ እንደ ርቀቱ፣ እና ውሃ የማያስገባ የኤሌክትሪክ ፕላስቲክ ሳጥን። ሬዚስተሩ፣ ትራንዚስተሩና ጩኸት ሰጪው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከሚጠግን ሰው ዘንድ ከአሮጌ ሰሌዳ ላይ ተነቅሎ ይገኛል፤ ለእነዚህ ሲባል አዲስ አበባ ድረስ ማዘዝ አያስፈልግም።

ሽቦው እንዲህ ይሰካ፦

የሴንሰሩ ትሪገር — ፒን 7
የሴንሰሩ ኤኮ — ፒን 8
አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ — ፒን 9፣ 10፣ 11፣ እያንዳንዱ በ220 ኦም በኩል
ጩኸት ሰጪ — ፒን 4፣ በ1 ኪሎኦምና በትራንዚስተሩ በኩል
ጩኸት ማጥፊያ ማብሪያ — ፒን 2 እና ግራውንድ
ፓምፕ ካለ ሪሌው (በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) — ፒን 6

በምርመራው ቀይ ምልክት ያደረጋችሁበት ፒን ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ወደ አናሎጎቹ አዛውሩት፤ ኤ0 እስከ ኤ5 እንደ ዲጂታልም ይሠራሉ። 0 እና 1ን ተዉአቸው። 13 ላይም ሪሌ አትስኩ፤ ቦርዱ ሲነሳ ያንን ፒን ራሱ ስለሚያብለጨልጨው ፓምፑ መብራት በመጣ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ጩኸት ሰጪው 30 ሚሊአምፔር አካባቢ ስለሚስብ ነው ትራንዚስተር ያስገባነው።

ሴንሰሩ የድምፅ ሞገድ ልኮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። ትሪገሩን ለ10 ማይክሮሰከንድ ከፍ ታደርጋላችሁ፣ በ40 ኪሎኸርዝ ይጮኻል፣ ኤኮው ላይ የቆየውን ማይክሮሰከንድ ለ58 ስታካፍሉ ርቀቱ በሴንቲሜትር ይወጣል። 58 የሚለው ቁጥር ለ22 ዲግሪ አካባቢ የተሠራ ነው። ድምፅ በቀዝቃዛ አየር ይዘገያል። ደሴ በጥቅምትና በኅዳር ንጋት 8 ዲግሪ ሲሆን 130 ሴንቲሜትር ብሎ የሚያነበው በእውነቱ 127 አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ላይ በ30 ዲግሪ ቀትር ደግሞ 130 ያለው ወደ 132 ይጠጋል። ለቤት ውሃ ይህ ልዩነት አያሳስብም። የከፍታው ልዩነት ብቻውን የድምፅን ፍጥነት ስለማይለውጥ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ብታዛውሩት ሌላ ስሌት አይጠይቅም።

አገጣጠሙ ላይ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። የሮቶውን ገላ አትብሱ፤ ክዳኑን ብቻ፣ ያውም መሃሉ ላይ። ሴንሰሩን ክዳኑ ላይ አስቀምጣችሁ የሁለቱን ዓይኖች ቦታ በእርሳስ ክበቡ፤ እያንዳንዱ 16 ሚሊሜትር ስፋት አለው። ዓይኖቹ ከክዳኑ የውስጥ ገጽ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ወጣ ብለው ይቀመጡ፤ ወደ ውስጥ ከሰመጡ የቀዳዳው ጠርዝ ድምፁን መልሶ የሐሰት ንባብ ይሰጣል። የድምፁ ጨረር እየራቀ ይሰፋል፤ በ130 ሴንቲሜትር ጥልቀት ከመሃሉ በየአቅጣጫው እስከ 35 ሴንቲሜትር ሊደርስ ይችላል። ወደ ግድግዳው የተጠጋ ሴንሰር የውሃውን ሳይሆን የሮቶውን ቅርጽ ይለካል። ውሃ የሚገባበት ቧንቧ ከሴንሰሩ ሥር ካለ ደግሞ ፈሳሹ ራሱ ይለካልና ራቅ አድርጉት።

ሮቶው ሲሞላ በውሃውና በሴንሰሩ መካከል ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር መቅረት አለበት። ወረቀቱ ላይ ከ2 ሴንቲሜትር ጀምሮ ይለካል ይባላል፣ ግን የሮቶ ውስጥ እንፋሎትና የውሃው መናወጥ ሲጨመሩ ያ ቅርበት አይታመንም። ይህ ሴንሰር ውሃ አይችልም። ቀን ሙቆ ሌሊት በሚቀዘቅዝ ቦታ ክዳኑ ሥር ጠል ይይዛል፣ ጠብታው የዓይኑን ወንፊት ይደፍነዋል። ገንዘብ ካላችሁ ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ የሚባለውን ውሃ የማያስገባ ዓይነት ግዙ። አሰካኩ ያው ነው፤ ልዩነቱ ከ25 ሴንቲሜትር በታች ስለማያይ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። የመጠጥ ውሃ ለሚቀመጥበት ሮቶ የምንመክረው እሱን ነው።

ከሴንሰሩ እስከ ቦርዱ ያለው ሽቦ ከ2 እና 3 ሜትር ባይበልጥ ይሻላል። ሲረዝም የ5 ቮልቱ ምት ይደበዝዛል፣ ከጎረቤት የኤሌክትሪክ መስመርም ሁካታ ይለቅማል። ስለዚህ ቦርዱን ሮቶው አጠገብ አድርጋችሁ ወደ ወጥ ቤት የሚወርደው የመብራቶቹና የጩኸት ሰጪው ገመድ ይሁን። የኔትወርክ ገመድ ስምንት ሽቦ አለው፣ 20 ሜትር ቢወርድ እንኳ ለአንድ ኤልኢዲ የሚጠፋው ቮልት ከ0.1 በታች ነው።

ሳጥኑን ከሮቶው ጥላ ሥር እሰሩ። ገመዶቹ ሁሉ ከሥር ይግቡ፤ ከመግባታቸው በፊትም ወደ ታች ዘንበል ብለው ይታጠፉ፣ የክረምት ዝናብ ሽቦውን ተከትሎ እንዳይገባ። ከሥር አንድ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ተዉ፤ ሙሉ በሙሉ የታሸገ ሳጥን ውስጡ ያለውን እርጥበት ያፍናል።

ፕሮግራሙ ምን ማድረግ አለበት?

ሮቶው ባዶ ሲሆን ያለውን ርቀትና ሲሞላ ያለውን ርቀት በሜትር ለኩና ጻፉ። ባዶው 130፣ ሙሉው 25 ሴንቲሜትር ነው እንበል። ከ130 ላይ አሁን የተነበበውን ቀንሳችሁ ለ105 ካካፈላችሁና በ100 ካበዛችሁ መቶኛው ይወጣል። 67 ከተነበበ 63 ሲካፈል ለ105፣ ማለትም 60 በመቶ ውሃ አለ። ከ50 በላይ አረንጓዴ፣ ከ20 እስከ 50 ቢጫ፣ ከዚያ በታች ቀይና ጩኸት።

አንድ ንባብ ብቻውን አይታመንም። በ60 ሚሊሰከንድ ልዩነት አምስት ጊዜ ለኩ፣ በቅደም ተከተል ደርድሩ፣ መሃለኛውን ውሰዱ። አማካይ አትውሰዱ፤ ከአምስቱ አንዱ ቢሳሳት አማካዩን ይጎትተዋል፣ መሃለኛው ግን አይነቃነቅም። ይህን በየ10 ሰከንዱ መድገም በቂ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አደገኛ ነገር አለ። ፑልስኢን የሚባለው ትእዛዝ ድምፁ ካልተመለሰለት 0 ይሰጣል። ያንን 0 እንዳለ ወደ ስሌቱ ካስገባችሁት «ውሃው ሴንሰሩን ነክቷል» ማለት ይሆናል፣ ማለትም ሮቶው ሞልቷል። ሽቦው ቢነቀል፣ ጠል ቢሸፍነው፣ ሴንሰሩ ቢሞት ቤተሰቡ አረንጓዴ መብራት እያየ ውሃ ያልቅበታል። ስለዚህ 0 ብልሽት ነው ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉት። ከሙሉው ርቀት በ10 ሴንቲሜትር የሚያንስ ወይም ከባዶው በ10 የሚበልጥ ንባብም ብልሽት ነው። እንዲህ ያለ ንባብ አምስት ጊዜ በተከታታይ ከመጣ ሦስቱም መብራቶች አብረው ይብለጭለጩ፤ ማንም ሰው ከሌላው ምልክት ጋር አያምታታውም። ከምንጠብቀው ጊዜ በላይ እንዳይዘገይ ትእዛዙን በ30,000 ማይክሮሰከንድ ገድቡት።

የጊዜ አቆጣጠሩንም ተጠንቀቁ። ሮቦት አሥር ደቂቃ ዞሮ ይጠፋል፣ ይህ ግን ለወራት ይበራል። ሚሊሰከንድ የሚቆጥረው ቆጣሪ በ49 ቀን ከ17 ሰዓት ገደማ ሞልቶ ወደ 0 ይመለሳል። «አሁን ሲቀነስ የቀድሞው» ከክፍተቱ ይበልጣል ወይ ብላችሁ ከጻፋችሁና ቁጥሮቹን ምልክት አልባ ረጅም (unsigned long) ካደረጋችኋቸው ምንም አይሆንም። «የቀድሞው ሲደመር ክፍተቱ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ያን ቀን ልኬቱ ሊዛባ ይችላል። ቦርዱ ቢደነዝዝ ራሱን የሚያስነሳውን ዋችዶግ በ8 ሰከንድ አብሩት። ዩኖ ላይ ደህና ይሠራል፤ አሮጌ ማስነሻ ያላቸው ናኖ ቦርዶች ላይ ግን ማብቂያ በሌለው መነሳት ውስጥ ሊገባ ስለሚችል እነሱ ላይ ተዉት።

የኃይል ምንጩ

ባለ 5 ቮልት የስልክ ቻርጀር በዩኤስቢ በኩል ይበቃዋል። ሁሉም ነገር ሲበራ ከ150 ሚሊአምፔር አይበልጥም። የሮቦቱን ሁለት ባትሪ ቪን በሚባለው ፒን በኩል ለመጠቀም ብትሞክሩ 7.4 ቮልቱ ወደ 6.5 ሲወርድ 5 ቮልቱ አብሮ መውረድ ይጀምራል፣ ሴንሰሩም ያኔ መዋሸት ይጀምራል። መብራት ሲጠፋ ለመቆየት ፓወርባንክ ማሰብ ይቻላል፤ ብዙዎቹ ግን የሚሳበው ኃይል ትንሽ ሲሆን «ስልኩ ሞልቷል» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ፣ ዩኖ የሚስበው ደግሞ 50 ሚሊአምፔር አካባቢ ነው። ለዋይፋይ ራውተር የሚሸጠው ትንሽ ዩፒኤስ የተሻለ ነው፣ አይጠፋም። 9 ቮልት መውጫ ካለው በክቡ መሰኪያ በኩል ስጡት። 12ም ይሠራል፣ ማስተካከያው ግን ይበልጥ ይግላል።

ፓምፑን ራሱ እንዲያስነሳ

ይህን በመጀመሪያው ቀን አታድርጉ። ጠቋሚው ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ብቻውን ይሥራ፤ ንባቡን በዓይን ከምታዩት ጋር አስተያዩ። ከተማመናችሁበት በኋላ ወደ ፓምፑ ሂዱ።

220 ቮልቱን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይግጠመው። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ሲሠራ 3 አምፔር አካባቢ ይስባል፣ ሲነሳ ግን ከዚያ አምስትና ስድስት እጥፍ። «10 አምፔር» የሚል ሰማያዊ ሪሌ በጥቂት ወር ውስጥ የውስጥ ጥርሶቹ ሊጣበቁ ይችላሉ፤ የተጣበቀ ሪሌ ደግሞ ፓምፑን አያጠፋም። ስለዚህ ትንሹ ሪሌ ኮንታክተር (ትልቅ ኃይል የሚችል ሪሌ) ያስነሳ፣ ኮንታክተሩ ፓምፑን ያስነሳ። ፌዙ በፊውዝ ወይም በብሬከር በኩል ይለፍ፣ የእጅ ማጥፊያም ይኑር።

ብዙ የሪሌ ሰሌዳ የሚበራው ፒኑ ወደ 0 ሲወርድ ነው። ቦርዱ ሲነሳ ፓምፑ ለቅጽበት እንዳይነሳ ፒኑን መጀመሪያ ከፍ አድርጋችሁ ከዚያ መውጫ አድርጉት፤ ቅደም ተከተሉ ለውጥ አለው። ፓምፑ በ30 በመቶ ይነሳ፣ በ90 ይቁም። አንድ ቁጥር ብቻ ከተጠቀማችሁ ውሃው በዚያ ቁጥር ዙሪያ ሲናወጥ ፓምፑ ይነሳል ይጠፋል፣ ኮንታክተሩ በሳምንት ያልቃል። ሮቶውን ለመሙላት የሚፈጀውን ጊዜ ለኩና በአንድ ተኩል አብዙት፤ ከዚያ በላይ ከሠራ ወይ ከሥር ያለው ጋን ደርቋል ወይ ቧንቧ ፈስሷል ማለት ነውና ይቁም፣ ሰው ማብሪያውን ካልተጫነ አይነሳ። ብልሽት ሲታይም ፓምፑ ወዲያው ይጥፋ።

ሲያስቸግር

ንባቡ ሳይለወጥ 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር ላይ ከቆመ ጠብታ አለ፤ ክዳኑን አንስታችሁ በለስላሳ ጨርቅ አድርቁት። ሸረሪት ድር ማድራትም ያው ውጤት አለው። ንባቡ የሚዘልለው ፓምፑ ሲነሳ ብቻ ከሆነ ችግሩ ኃይሉ ነው፤ ቦርዱንና ሪሌውን ከአንድ ደካማ ቻርጀር አትመግቡ፣ በ5 ቮልትና በግራውንድ መካከልም ባለ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨምሩ። ዕቃዎቹ በሁለት የኃይል ምንጭ የሚሠሩ ከሆነ ግራውንዳቸው መገናኘቱን አረጋግጡ፤ ካልተገናኘ ምልክቱ ይዋዥቃል፣ ሰውም ሴንሰሩን ይከሳል። ሳጥኑ በተነካ ቁጥር ቦርዱ ከተነሳ መሰኪያው ላልቷል። የሮቦት መሰኪያ ሽቦዎች ለነፋስ አልተሠሩም፣ ስለዚህ የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ሽቦዎቹን በመበየጃ ካውያ በዩ።

ፕሮግራሙን ከቦርዱ መልሶ በተጻፈበት መልኩ ማውጣት አይቻልም፤ ቺፑ ውስጥ ያለው የተተረጎመው የማሽን ቁጥር ብቻ ነው። ፋይሉን ስልክ ላይም ኢሜይል ላይም አስቀምጡ። የፒኖቹን ዝርዝርና የባዶና የሙሉ ርቀቱን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ከሳጥኑ ክዳን ውስጥ ለጥፉት።